«ፑዌርቶ» በተባለ ቁጥር ወደብ አይደለም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ማድሪድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በትንሽ መኪና ዕቃ አደርሳለሁ። ባለፈው ጥር ወደ ሴጎቪያ ስወጣ መንገድ ዳር የቆመ ሰሌዳ ‹ፑዌርቶ ሴራዶ› ይላል። ፑዌርቶ ወደብ፣ ሴራዶ ዝግ ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ‹የፈለገው ወደብ ይዘጋ፣ እኔ ምን አገባኝ› ብዬ አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ በረዶው መሀል ፖሊስ አስቁሞ መለሰኝ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ባገላብጥ አሁንም ‹ወደብ› ነው የሚለው። አንዱ ጓደኛዬ ‹እንደ ሞጆው ደረቅ ወደብ ይሆናል› አለኝ። ሌላው ‹ድሮ ባሕሩ እዚያ ድረስ ነበር› አለኝ። የቋንቋ አስተማሪያችን ደግሞ ‹የፑዌርታ ወንዴው ነው› አለችን። ማን ነው ልክ? ለአዲስ መጪዎች የመንገድ ሰሌዳዎችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስለሆነ ምን ብዬ ልጻፈው?»

ሦስቱም ልክ አይደሉም፤ አስተማሪዎ ግን ለእውነቱ ቀረብ ብለዋል። ፑዌርቶ በስፔንኛ ሁለት የመልክዓ ምድር ትርጉም አለው። አንደኛው መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ነው። ሁለተኛው በተራራ ሰንሰለት ላይ ካንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግረው፣ ከግራና ቀኙ ጫፎች ዝቅ ያለው ማለፊያ ነው። ከማድሪድ ሰሜን ምዕራብ የጓዳራማ ተራሮች እንደ አጥር ተዘርግተዋል፤ ወደ ሴጎቪያ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ይህን አጥር የሚሻገረው በናቫሴራዳ ነው፣ የሁለቱ አውራጃዎች ወሰን ላይ፣ በ1,858 ሜትር ከፍታ። ሰሌዳው የነገረዎት «ይህ ማለፊያ ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ ነበር። በጥር ደግሞ የሚዘጋው በበረዶ ነው።

የኪስ መዝገበ ቃላትዎ አልዋሸዎትም፤ ሳይጨርስ ነው የተወዎት። ለተማሪ የሚዘጋጁት ትንንሾቹ አንድ ቃል በአንድ ቃል መልሰው ያልፋሉ። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ ያዘጋጀውን ትልቁን መዝገብ ቢከፍቱ ወደቡም የተራራው ማለፊያም በየራሳቸው ቁጥር ሰፍረው ያገኛሉ፤ እንዲያውም ማለፊያው ያለበት ተራራ ራሱ ፑዌርቶ ሊባል እንደሚችል ይጨምራል። ሁለተኛው ትርጉም የገጠር ወይም ያረጀ አነጋገር አይደለም። በክረምት ጧት የስፔን ሬዲዮ የመንገድ ዜና ሲያነብ የሚዘረዝራቸው ፑዌርቶዎች አብዛኞቹ ተራራ ላይ ያሉት ናቸው።

የባሕሩን ወሬ ይተዉት። ከማድሪድ እስከ ቅርቡ ጠረፍ በቀጥታ መስመር እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእነዚህ ቦታዎች ስም ያወጡላቸው መርከበኞች ሳይሆኑ በቅሎና በግ እየነዱ ተራራ የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሥሩ። ላቲን ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ነበሩት፣ «ፖርታ» እና «ፖርቱስ»። ፖርታ የከተማ ቅጥር በር ነው። ፖርቱስ መግቢያ፣ ማለፊያ፣ ከዚያም መርከብ ከባሕር ወደ ምድር የሚገባበት ቦታ ሆነ። ሁለቱም የተወለዱት «መሻገር፣ አልፎ መሄድ» ከሚል ከአንድ ጥንታዊ ሥር ነው። ሮማውያን ፖርቱኑስ የሚሉት አምላክ ነበራቸው፤ የበርና የቁልፍ ጠባቂ ነው፣ የወደብም ጠባቂ ነው። ለእነሱ በርና ወደብ አንድ ጠባቂ የሚበቃቸው ጉዳዮች ነበሩ ማለት ነው። ስፔንኛ ሲወለድ በላቲን አጭር የነበረችው «ኦ» የድምፅ ጫና ሲያርፍባት ወደ «ዌ» ተለወጠች፤ ፖርታ ፑዌርታ፣ ፖርቱስ ፑዌርቶ ሆኑ። ጫናው ሌላ ቦታ ሲያርፍ ግን አሮጌዋ «ኦ» እንዳለች ቀረች። በር ጠባቂው «ፖርቴሮ» ነው፤ የወደብ የሆነ ነገር ሁሉ «ፖርቱዋሪዮ» ነው፤ የቦነስ አይረስ ሰው «ፖርቴኞ»፣ የወደብ ልጅ ይባላል።

ስለዚህ ፑዌርቶና ፑዌርታ እህትማማች ናቸው እንጂ የአንድ ቃል ወንዴና ሴቴ አይደሉም። ወንዱ ድመት «ጋቶ»፣ ሴቷ «ጋታ» እንደሚባሉት አይደለም። ፑዌርታ የቤት በር ነው፤ የድሮ ከተማ በርም ነው። ማድሪድ መሀል ላይ ያለችው ፑዌርታ ዴል ሶል ስሟን ያገኘችው ከአሮጌው ቅጥር በር ነው፤ ከእሷ ብዙም ሳይርቅ «ፑዌርታ ሴራዳ»፣ ዝግ በር የሚባል አደባባይ አለ። ተራራ ላይ ካዩት «ፑዌርቶ ሴራዶ» ጋር ስታስተያዩት በየቃሉ መጨረሻ አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱ፤ አንዱ የታሪክ ስም ነው፣ ሌላው የዛሬ ትእዛዝ። ናቫሴራዳ ራሱ ቃል በቃል ሲፈታ «ዝግ ሜዳ» ነው፤ «ናቫ» ስፔኖች በተራሮች መሀል ያለን ለጥ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያቁር መሬት የሚጠሩበት ነው። መንገዱ ወለል ብሎ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ ሰሌዳው ላይ «ዝግ» የሚል ቃል ከስሙ ውስጥ ስለሚነበብ፣ ጀማሪ ተማሪ ቢደናገር አልፈርድበትም።

ይህን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቶሎ ሊረዳው ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የኛም ቋንቋ ያንኑ አስቧል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ጣርማ በርን ያውቃታል። ደጋው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይመጣና ድንገት ያልቃል፤ ጉሙ ከቆላው በኩል እየተግተለተለ መንገዱን ይሸፍናል፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ በኩል ሲወጡ አየሩም መሬቱም ሌላ ነው፤ ቁልቁለቱን ጨርሰው ደብረ ሲና ሲደርሱ ደግሞ ቆሎ በመስኮት ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ሳንቃ የለም፣ ማጠፊያ የለም፣ ቁልፍ የለም። ግን በር ብለነዋል። ቀጥሎ «የባሕር በር» የሚለውን ያስቡ። ኢትዮጵያ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የባሕር በር የላትም ስንል የሚጠፋው ሰው የለም፤ በር ማለት አገር ወደ ባሕር የሚወጣበት ቦታ ነው። ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኝበት ባብ ኤል መንደብም በዓረብኛ ከ«በር» ይጀምራል። እንግዲህ ስፔንኛ በፑዌርቶ የያዛቸውን ሁለቱን ትርጉሞች፣ የተራራውንም የባሕሩንም፣ አማርኛ «በር» በሚለው አንድ ቃል ይዟቸዋል። መዝገበ ቃላትዎ የሰጠዎት «ወደብ» ግን ጠባብ ነው፤ መርከብ፣ ክሬን፣ ኮንቴይነርና መጋዘን ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚጠራው። መሳሳት የጀመሩት እዚያ ላይ ነው።

ጓደኛዎ ያነሱት ደረቅ ወደብ ስፔን ውስጥም አለ፤ ስሙም ቃል በቃል «ፑዌርቶ ሴኮ» ነው። ማድሪድ አጠገብ ኮስላዳ ላይ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው አንዱ ነው። በባቡር ከአልሄሲራስ፣ ከቫሌንሲያ፣ ከባርሴሎናና ከቢልባዎ ወደቦች ጋር የተያያዘ የኮንቴይነር ግቢ ነው፤ ሞጆን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከናቫሴራዳ ጋር ግን የሚያገናኘው ቃሉ ብቻ ነው። አስገራሚው፣ «ፑዌርቶ ሴኮ» የሚለው አነጋገር ከኮንቴይነር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በካስቲያ መንግሥት ዘመን ከአራጎን፣ ከናቫራና ከፖርቱጋል በሚያዋስነው የየብስ ድንበር ላይ ዕቃ እየተፈተሸ ቀረጥ የሚከፈልባቸው ቦታዎች ነበሩ። በባሕር የሚገባው በባሕሩ ፑዌርቶ፣ በየብስ የሚገባው በደረቁ ፑዌርቶ ቀረጡን ይከፍል ነበር። ይህማ የኛ ኬላ ነው። የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ «ፑዌርቶ ሴኮ» ካጋጠመዎት «ኬላ» ብለው ይተርጉሙት እንጂ ደረቅ ወደብ አይበሉት፤ አለበለዚያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የበቅሎ ነጋዴ ኮንቴይነር ሊያወርድ ነው። በመንገድ፣ በድልድይና በከተማ መግቢያ ይከፈል የነበረው «ፖርታስጎ» የሚባለው ክፍያም እንዲሁ የኬላ ቀረጥ ነው።

ከሁለቱ ዋና ትርጉሞች የተወለዱ ሁለት ሌሎች አሉ፤ ሰሌዳ ላይ ባያገኟቸውም ጽሑፍ ውስጥ ያደናቅፋሉ። የመጀመሪያው የከብት አርቢዎች ነው። በአስቱሪያስ፣ በካንታብሪያና በሌዮን ተራሮች «ከብቱን ወደ ፑዌርቶ አወጣን» ሲባል ከፍ ያለ የተራራ ግጦሽ ማለት ነው፤ መንገድ ይለፍበት አይለፍበት ጉዳዩ አይደለም። አልፎንሶ 10ኛ በ1273 (እ.ኤ.አ.) እውቅና የሰጡትና እስከ 1836 የዘለቀው የበግ አርቢዎች ማኅበር፣ ሜስታ የሚባለው፣ መንጋውን በየዓመቱ ከደቡቡ ሜዳ ወደ ሌዮን ፑዌርቶዎች ያወጣ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስፔኖቹ ይህ የሚሆነው «በቬራኖ» ነው ይላሉ፤ እሱን «በበጋ» ብለው ከተረጎሙት የኢትዮጵያ አንባቢ ጥርና የካቲትን ያስባል። «ከሰኔ እስከ መስከረም» ብሎ ወሩን መጥራት ይሻላል።

ሁለተኛው የብስክሌት ስፖርት ነው። ከ1935 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው የስፔን ዙር፣ ቩዌልታ፣ ዳገቶቹን በደረጃ ይከፍላል፤ «የመጀመሪያ ደረጃ ፑዌርቶ»፣ «ልዩ ደረጃ ፑዌርቶ» እያለ። በዚህ አነጋገር ፑዌርቶ ማለት አቀበቱ ራሱ ነው። አስቱሪያስ ውስጥ አንግሊሩ የሚባለውን ይውሰዱ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩ ውስጥ ገባ፤ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ መቶ ሜትር ሲሄዱ ከ23 ሜትር በላይ ከፍ ያደርጋል። እዚያ ብስክሌተኛው ዚግዛግ እየሠራ፣ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ ነው የሚወጣው። ጫፍ ሲደርስ ግን መንገዱ ያበቃል፤ የሚያሻግረው ማዶ የለም። እንደ ጣርማ በር ያለ በር አይደለም ማለት ነው፤ ሆኖም ዘጋቢው ፑዌርቶ ይለዋል። ስለ ስፖርት የሚተረጉም ሰው «አቀበት» ይበል፣ ይበቃል።

እንዴት ይለያሉ? ብቻውን በቆመው ቃል መለየት አይቻልም፤ አጠገቡ ያለውን ግስ ይዩ። ፑዌርቶ ላይ የሚወጣና የሚወርድ፣ ጫፉን የሚይዝ ነገር ካለ ተራራ ነው። ወደ ፑዌርቶ የሚገባ፣ የሚጠጋ፣ መልህቅ የሚጥል፣ ከእሱ የሚነሳ ነገር ካለ ባሕር ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሜትር ቁጥር ከተጻፈ ያለጥርጥር ተራራ ነው፤ ወደብ ከፍታው አይጻፍም። ስፔኖች ራሳቸው መምታታቱን ሲፈሩ «ፑዌርቶ ደ ማር»፣ የባሕር፣ ወይም «ፑዌርቶ ደ ሞንታኛ»፣ የተራራ ብለው ይጨምሩበታል። አስቸጋሪው «ፑዌርቶው በአየሩ ጠባይ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህ ለሁለቱም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ለመለማመድ የአስቱሪያስን የክረምት ዜና የመሰለ ትምህርት ቤት የለም። ክልሉ ባሕሩን ከፊት፣ ተራራውን ከኋላ ይዞ የተቀመጠ ነው። በአንድ የዜና ሰዓት ከሌዮን የሚያገናኘው፣ 1,378 ሜትር ላይ ያለው የፓሃሬስ ፑዌርቶ ለከባድ መኪና ተዘግቶ፣ የሂሆን ፑዌርቶ ደግሞ ለመርከብ ተዘግቶ ሊሰሙ ይችላሉ። የመጀመሪያውን የዘጋው በረዶ ነው፣ ሁለተኛውን ማዕበል። በረዶ ካሉ ተራራ፣ ማዕበል ካሉ ባሕር ነው። ምክንያቱን ካልጠሩ ግን ካርታ ይክፈቱ፤ አይገምቱ።

የቦታ ስሞች ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። ከማድሪድ ወደ ሴቪያ በፈጣኑ ባቡር ሲሄዱ ፑዌርቶያኖ የምትባል ከተማ ያልፋሉ። ስሟ «ለጥ ያለ ማለፊያ» ነው። ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ አላት፤ ስፔን ውስጥ ከባሕር ርቆ የተሠራ ማጣሪያ እሱ ብቻ ነው። ስሙን የሰማና ማጣሪያውን ያየ ሰው የጠረፍ ከተማ ናት ብሎ ቢምል አይገርመኝም፤ አንድ ጊዜ ለሥራ በመጣልኝ ጽሑፍ ላይ «የፑዌርቶያኖ ወደብ» ተብሎ አንብቤያለሁ። በፈረንሳይ በኩል በፒሬኔ ተራሮች ሥር ያለችው፣ ወደ ሳንቲያጎ የሚጓዙ ብዙ ተሳላሚዎች መንገድ የሚጀምሩባት ከተማ በስፔንኛ ሳን ሁዋን ፒዬ ደ ፑዌርቶ ትባላለች፤ «በማለፊያው ግርጌ ያለች ቅዱስ ዮሐንስ» ማለት ነው። ተሳላሚው በማግሥቱ የሚወጣው ያንን ማለፊያ ነው፤ ወጥቶ ሮንሴስቫዬስ ይወርዳል። በአንጻሩ ካዲስ አጠገብ ያለችው ኤል ፑዌርቶ ደ ሳንታ ማሪያ እውነተኛ ወደብ ናት። ፑዌርቶ ሪኮም ወደብ ነው፣ «ሀብታሙ ወደብ»። ደሴቲቱ መጀመሪያ ሳን ሁዋን ባውቲስታ ትባል ነበር፤ ፑዌርቶ ሪኮ የወደብ ከተማዋ ስም ነበር፤ በጊዜ ብዛት ሁለቱ ስም ተለዋውጠው ደሴቷ ፑዌርቶ ሪኮ፣ ከተማዋ ሳን ሁዋን ሆኑ።

የታሪክ መጽሐፍ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ሶሞሲየራ ያጋጥምዎታል። በኖቬምበር 30 ቀን 1808 (እ.ኤ.አ.) ናፖሊዮን ወደ ማድሪድ ሲገሰግስ የስፔን ጦር መድፉን ደርድሮ የጠበቀው በዚያ ፑዌርቶ ነው፤ የፖላንድ ፈረሰኞች በጠባቡ መንገድ ሽቅብ ጋልበው ሰበሩት። «የሶሞሲየራ ወደብ ጦርነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ፈረሰኛን መርከብ ላይ ሊያሳፍር ነው።

የቃሉ ወሰን ግን ስፔን ነው። አትላንቲክን ሲሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። በላቲን አሜሪካ ካርታ ላይ ፑዌርቶ የሚል ስም ካዩ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደብ ነው፤ የባሕር ካልሆነ የወንዝ። ፔሩ ውስጥ አማዞን ጫካ ያለችው ፑዌርቶ ማልዶናዶ ባሕር አታውቅም፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት የጀልባ ወደብ ናት። የተራራ ማለፊያን እነሱ በሌላ ቃል ይጠሩታል። ቺሊና አርጀንቲና በአንዲስ ላይ የሚያገናኛቸውን «ፓሶ» ይሉታል። የፔሩና የቦሊቪያ ደገኞች «አብራ» ይላሉ፤ ከኩስኮ ወደ ጫካው የሚያወርደው አብራ ማላጋ ከ4,300 ሜትር በላይ ነው። ኮሎምቢያዎች «አልቶ» ይላሉ፣ ብስክሌት ሲያወሩ ግን እነሱም ወደ ፑዌርቶ ይመለሳሉ። ስለዚህ ስፔንኛ የተማሩት ከኮሎምቢያ ወይም ከፔሩ ጓደኞች ከሆነ፣ እነሱም የማድሪድን ሰሌዳ መጀመሪያ ያዩ ዕለት ግር ብሏቸው ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቹ ፖርቱጋልኛና ጣሊያንኛም አይረዱዎትም፤ የሁለቱም «ፖርቶ» ወደብ ነው፣ ተራራውን በሌላ ስም ይጠሩታል። ካታላንኛ ግን እንደ ስፔንኛው «ፖርት» ለሁለቱም ይላል።

ስፔን ውስጥም ቢሆን ሁሉም የተራራ ማለፊያ ፑዌርቶ አይባልም። መኪና ወይም የጭነት ከብት የሚያልፍበት ዋና መሻገሪያ ሲሆን ፑዌርቶ ነው። በሁለት ጫፎች መሀል እንደ ኮርቻ መሀሉ ዝቅ ያለው፣ እግረኛና እረኛ የሚያቋርጠው «ኮያዶ» ነው። ጠበብ ያለችው «ፖርቲዮ» ናት፤ እሷም የበር ዘመድ ናት። ወንዝ ቆርጦት ግራና ቀኙ ገደል የሆነው ደግሞ «ዴስፊላዴሮ» ነው፤ እሱ ወደ ላይ አውጥቶ አያሻግርም፣ በመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያሳልፈው። ለሹፌር የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ወደ አማርኛው እንመለስ። ምክሬ ግልጽ ነው፤ የተራራውን ፑዌርቶ «በር» ይበሉት፣ በጣርማ በር ልክ። «የናቫሴራዳ በር»፣ «የሶሞሲየራ በር»፣ «የፓሃሬስ በር»። በመጀመሪያ ሲጠሩት «የናቫሴራዳ በር፣ የተራራ ማለፊያ» ብለው ያብራሩ፤ ከዚያ በኋላ በር ብቻውን ይበቃል። ሌሎቹን አማራጮች ሞክሬያቸዋለሁ። «መተላለፊያ» ለአማርኛ አንባቢ የሕንፃ ኮሪደር ነው፣ በትራፊክ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የእግረኛ ማቋረጫ ይመስላል፤ ለእርስዎ ሥራ አደገኛ ነው። «ሰርጥ»ን የካርታ መጻሕፍቶቻችን ለባሕር ሰጥተውታል። «ሸለቆ» ጭራሽ ተቃራኒው ነው፤ ሸለቆ ይወርዱበታል፣ ወደዚህ ግን ይወጣሉ። «ወደብ» ከነቅጽሉም ቢሆን፣ «የተራራ ወደብ» ብለው እንኳ፣ አይጻፉት። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ የጭነት መኪና አደጋ ሰነድ ስተረጉም «አደጋው የደረሰው ወደቡ ላይ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ባለጉዳዩ በየብስ ሸቀጥ ላይ ስለተሸፈነ ኢንሹራንስ ነው የሚከራከረው፤ ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ሲመላለስ ቆይቶ ነው ስህተቱ የእኔ መሆኑ የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ፑዌርቶ ባየሁ ቁጥር ካርታ ሳልከፍት አልጽፍም።

የዚህም ምክር ገደብ አለው። «በር ዝግ ነው» ብቻ ብለው ከጻፉ አንባቢው የብረት መዝጊያ ይፈልጋል፤ መዝጊያ ሳያይ ሲቀር ደግሞ እንደ እርስዎ ያልፋል። ስለዚህ ለሰሌዳው የሚሰጡት አማርኛ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ትእዛዙንም ይያዝ፦ «ፑዌርቶ ሴራዶ፣ የተራራው በር ተዘግቷል፣ በዚህ መንገድ ማለፍ አይቻልም»። የስፔንኛውን ድምፅ በግዕዝ ፊደል አብረው ያስቀምጡ፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ የሚያገኘው እሱን እንጂ የእርስዎን ትርጉም አይደለም። «አቢየርቶ» ካለ ክፍት ነው። «ካዴናስ» የሚል ቃል ካዩ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ማለት ነው። የከተማና የደሴት ስሞችን ግን አይተርጉሙ፤ ፑዌርቶ ሪኮ ፑዌርቶ ሪኮ ነው፣ ፑዌርቶያኖም እንዲሁ። አንድ ጉዳይ «ወደ ጥሩ ፑዌርቶ ደረሰ» የሚል የጋዜጣ ዓረፍተ ነገር ካገኙ ደግሞ ቦታ እየተነገረ አይደለም፤ «ዳር ደረሰ» ማለት ነው፣ አማርኛው ራሱ መልሱን ይዞልዎታል።

እስከ ሚቀጥለው በረዶ ድረስ ለራስዎ የሚያስፈልግዎት ይህ ነው። የስፔን ትራፊክ መሥሪያ ቤት በረዷማ መንገዶችን በአራት ቀለም ይለያል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር። ቀይ ሲሆን ያለ ሰንሰለት ወይም ያለ ክረምት ጎማ መሄድ አይፈቀድም፤ ጥቁር ሲሆን ማንም አያልፍም። ከመነሳትዎ በፊት ቀለሙን ይዩ። ናቫሴራዳ ከተዘጋ ወደ ሴጎቪያ የሚያደርስዎት ሌላ መንገድ አለ፤ በኤፒ-6 አውራ ጎዳና ሄደው የጓዳራማን ተራራ በዋሻ ሰንጥቀው ያልፉና በኤፒ-61 ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ክፍያ አለው። ዋሻው አለ ብለው ግን አይተማመኑ፤ በጃንዋሪ 2018 (እ.ኤ.አ.) ያ አውራ ጎዳና ራሱ በበረዶ ተዘግቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው መኪናው ውስጥ አድሯል። ብርድ ልብስና ውሃ መኪናዎ ውስጥ ይኑር፤ ስልክዎንም ሞልተው ይውጡ።